እሺ ለማለት አትቸኩዪ

ልጄ፣ ያሳደግንሽ «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያልን ነው። ስትላኪ እሺ፣ ስትጠሪ አቤት። ጨዋ ልጅ ወጥቶሻል፤ እንኮራብሻለን። የዚያ አባባል ቦታው ግን ሽምግልና ላይ ነው። ሁለት የተጣሉ ሰዎችን አስቀምጦ «እሺ በል፣ ተውላት» ለማለት ይሆናል። ለአምስት ደንበኛ አምስት ሥራ ሰኞ ጠዋት አስረክባለሁ ብሎ ቃል ለመግባት አይሆንም። አምስት እሺ ተናግረሽ ሦስቱን ብቻ ካደረስሽ፣ የቀሩት ሁለቱ ሰዎች እሺሽን እንደ ውሸት ይቆጥሩታል።

እናትሽ ደውላ ስለ አንቺ ስታወራኝ «አልተኛችም፣ አልበላችም» ነው ወሬዋ። አንቺን ስጠይቅሽ ደግሞ «ሥራ በዝቶ ነው ጋሼ፣ ተመስገን» ትይኛለሽ። ተመስገን ማለትሽ ደግ ነው። ነገር ግን ሲበዛ ማርም ይመራል።

በዲዛይን ሥራሽ ደንበኛ አበዛሽ ብዬ አልቆጣሽም። በራሱ ሙያ ለሚያድር ሰው አንድ ደንበኛ ብቻ መያዝ አደጋ ነው። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ? ያ አንዱ ያኮረፈ ቀን ሆድሽ ይሸበራል፤ ክፍያ ያዘገየ ወር የቤት ኪራይሽ ይዘገያል። እናንተ ፍሪላንስ የምትሉትን ሥራ እኔም ስም ሳልሰጠው ኖሬበታለሁ። መርካቶ ውስጥ የብዙ ሱቅ ሂሳብ እይዝ ነበር፤ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጥ፣ ቅመማ ቅመም የሚያከፋፍል። ሌላ ደንበኛ እንዳለኝ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያስታውሰውም። አይፈረድባቸውም፤ የነጋዴው ጉዳይ ሱቁ ነው፣ የኔ ሰዓት የኔ ጉዳይ ነው። ሐምሌ ሲገባ የግብር ወቅት ነውና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣብኛል። ስለዚህ ገና ግንቦት ላይ ለእያንዳንዱ ተራውን እነግረዋለሁ፤ ደረሰኙን ከተባለው ቀን አሳልፎ ያመጣ ከወረፋው መጨረሻ ይገባል። በመጀመሪያው ዓመት አኮረፉኝ። አንዱማ «ትላንት መጥተህ ዛሬ ቀጠሮ ትሰጠኛለህ?» ብሎ ሻይ እንኳ ሳያዝልኝ ሸኘኝ። በሁለተኛው ዓመት ያው ሰውዬ ደረሰኙን በፌስታል ጠቅጥቆ፣ አፉን በሲባጎ አስሮ፣ ከሁሉም ቀድሞ መጣ።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ዛፉን በየተራ መውጣት ግን ይቻላል፤ ተራውን የምታወጪው ደግሞ አንቺ ነሽ።

ተቀጣሪ ሰው ሳያስበው አጥር ተሠርቶለታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ አንድ ቀን አውጥተሽ አንብቢው። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ትርፍ ሰዓት ግድ ቢሆን እንኳ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኗል። በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። እንዳንቺ ሙያዋን በራስዋ ኃላፊነት የምትሠራ ግን ከዚህ አዋጅ ውጪ ናት። ማንም አያዝሽም፣ ማንም አይከለክልልሽም። አሠሪዋም ሠራተኛዋም አንድ አንቺ ነሽ፤ እንደማየው ደግሞ አሠሪዋ ጨካኝ ናት።

እኔ አንቺን ብሆን ያንኑ ቁጥር ገልብጬ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈው ነበር። ለማያውቁት ሠራተኛ የማይፈቀደውን ለራስሽ ለምን ትፈቅጃለሽ? በዚያ ላይ 48 ሰዓት ስልሽ ሁሉም የዲዛይን ሰዓት እንዳይመስልሽ። መልእክት መመለስ አለ፣ ዋጋ ማውጣት አለ፣ ያልከፈለን ሰው መለማመጥ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ላፕቶፕ አንጠልጥሎ ካፌ ፍለጋ መዞር አለ። ይህ ሁሉ ሥራ ነው፤ ማንም ግን አይከፍልሽም። ስለዚህ ከ48ቱ ውስጥ 30 ሰዓት ብቻ ሽጪ። የቀረው ሳትሸጪው ራሱ ያልቃል።

ሰዓቱን እንቁጠረው፤ የሂሳብ ሰው ነኝና ታገሺኝ። ዋሽንግተን ያለው ደንበኛሽ ጠዋት ቢሮ ሲገባ፣ በነሱ ክረምት እኛ ጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እሱ ከቢሮ ሲወጣ እኛ ጋ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። በነሱ በጋ ሁሉም በአንድ ሰዓት ቀደም ይላል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሪያድ ያለው ደግሞ ሰዓቱ ከኛው ጋር አንድ ነው፤ ሳምንቱ ግን ይለያል። ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፣ እሑድ ጠዋት ሥራ ይጀምራሉ። እዚህ ያለው ድርጅት ከሰኞ እስከ ዓርብ ይጠብቅሻል። የቦሌው ልብስ ሱቅ ደግሞ ገበያው ቅዳሜ ነው። አየሽው? እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ያርፋሉ፤ የአራቱን ሳምንት ደርቦ የሚኖር ሰው ግን ከሰባቱ ቀን አንዲት ባዶ ቀን አያገኝም። አራቱም በአንቺ ላይ ተመካክረው ያደረጉት ነገር የለም። ቀኑን ስላልዘጋሽው ገቡበት።

ለዋሽንግተኑ ሰውዬ ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ያለውን ስጪው። ሁለታችሁም የነቃችሁበት ጊዜ ነው፤ ለመነጋገር ይበቃል። ከዚያ በኋላ የላከውን አንቺ በማግስቱ ጠዋት በንጹህ አእምሮ ትሠሪዋለሽ፤ እሱ ከእንቅልፉ ሲነቃ ተሠርቶ ያገኘዋል። የሰዓት ልዩነቱ ለሱ ትርፍ መሆኑን ንገሪው። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ዓይንሽን እያሸሽ ያበላሸሽውን ፊደል ጠዋት እንደገና ከማረም ይህ ይሻላል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ፤ የበዓል ፖስተር። እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላይ ቤታችሁ ስመጣ እናትሽ ሽንኩርት ታቁላላለች፣ እህትሽ ቄጤማ ትጎዘጉዛለች፣ አንቺ ጥግ ይዘሽ አደይ አበባ ቆርጠሽ ሎጎ ሥር ትለጥፊያለሽ። ስልክሽ አያርፍም። «እንኳን አደረሳችሁ የሚለው ትንሽ ይተለቅ»፣ «ቢጫው ደመቀብኝ»፣ «ሥራ አስኪያጁ አሁን ነው ያዩት፣ ስማቸው ይግባበት»። ልክ በዓሉ ሳይታሰብ ከሰማይ የወረደ ይመስል! መስቀል መስከረም 17 ነው፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ አድዋ የካቲት 23 ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያት የሚታወቅ። ፋሲካ ቢዘዋወር እንኳ ባሕረ ሐሳቡ የዓመቱን በዓልና ጾም በዓመቱ መግቢያ ያወጣዋል። ኢድ ግን ጨረቃ ይጠብቃል፤ እሱም ቢሆን በአንድ ቀን ነው የሚያወላውለው።

መድኃኒቱ እነሆ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ለሁሉም ደንበኞችሽ የዓመቱን በዓላት ዝርዝር ላኪ። የሚፈልጉትን ይምረጡ፣ የጽሑፉን ቃል ይስጡሽ፣ ቀብዱን ይክፈሉ። ፖስተሩ ከበዓሉ 10 ቀን በፊት ይደርሳቸዋል። ዋዜማ ላይ የሚመጣ ትእዛዝ ዋጋው 2 ተኩል እጥፍ ይሁን። ቁጥሩን ከራሴ አላመነጨሁትም፤ ያ አዋጅ ተቀጣሪ ሰው በሕዝብ በዓል ትርፍ ሰዓት ሲሠራ እንዲከፈለው የሚያዘው ልክ ነው። በሳምንቱ የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው 1.75 እጥፍ ነው። ይህን ዋጋ ሰምቶ የሚከፍል ካለ፣ እውነትም ቸግሮታል ማለት ነው፤ ሥሪለት። አብዛኛው ግን ዋጋውን ሲሰማ ድንገት «ለነገሩ ያለፈውን ዓመት ፖስተር ቀኑን ቀይረን እንለጥፈዋለን» ይላል።

የሚከብድሽ ግን የውጭው ደንበኛ አይደለም። እሱ ቀኑን ብትነግሪው «እሺ» ብሎ ያልፋል። የሚከብድሽ የኛው ሰው ነው፤ «እህቴ» ብሎ የሚጀምር፣ «ውለታሽን አልረሳም» ብሎ የሚጨርስ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት የከፈተው የወንድምሽ ጓደኛ ሜኑውንም፣ ሎጎውንም፣ የመስኮቱን ጽሑፍም ይፈልጋል። ዋጋ አልተነጋገራችሁም፣ ቀን አልቆረጣችሁም። ለምን? ይሉኝታ ያዘሽ። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ነው፤ ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤትም አይሆንም። ነገር ግን ይሉኝታ ብቻውን ሥራ አያስጨርስም። እንደምታዘበው አካሄዱ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ በይሉኝታ ትቀበያለሽ፣ ቀጥሎ በሆድሽ ትቆጪያለሽ፣ ከዚያ መልእክቱን እያየሽ አትመልሺም። ሰውየው ለወንድምሽ ደውሎ «ልጅቷ ጠፋችብኝ» ይላል። እንዳይቀየምሽ ብለሽ የተቀበልሽውን ሰው በመጨረሻ ተቀየምሽው፤ እሱም ተቀየመሽ።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ሲባል ሁሌም የሚወቀሰው ነቅናቂው ነው። እስቲ እኔ ባለቤቱን ልጠይቅ፤ አጥሩ ይታያል ወይ? ሌሊት በ5 ሰዓት የተላከልሽን መልእክት በ5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ የመለስሽ አንቺ ሰዓት እላፊ አለኝ ብትዪ ማን ያምንሻል? ያ ሰው ንቆሽ አይደለም። በሩ ክፍት ነው ብለሽ ያስተማርሽው አንቺው ነሽ።

በኛ አገር «አይ» የምትል ቃል ከአፍ ስትወጣ ጠብ ትመስላለች፤ ይገባኛል። ግን ያለ «አይ» የሚነገር ብዙ አለ። «ደስ ይለኛል፣ አሁን የያዝኩት አለ፤ ከሐሙስ በኋላ ከሆነልዎ እጀምረዋለሁ።» «ዋጋውን አስልቼ ነገ ጠዋት እልክልዎታለሁ።» ይህችን ሁለተኛዋን በተለይ ያዢያት፤ ስልክ ላይ ተጣድፈሽ የጠራሽውን ዋጋ መልሰሽ አትጨምሪውም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መልእክት አላይም፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የመጀመሪያ ሥራዬ የእርስዎ ነው።» ይህን ስትዪ ሰበብ አትጨምሪ። አሞኝ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም አትበዪ። ቴሌግራም መቼ እንደገባሽ ያጋልጥሻል፤ እንዲያም ባይሆን ማረፍ ምክንያት አያስፈልገውም።

ለዘመድና ለወዳጅ ደግሞ የኔ ምክር ይህ ነው፤ ወይ ሙሉ ዋጋ አስከፍዪ፣ ወይ ሙሉ በሙሉ በነጻ ስጪ። ግማሽ ዋጋ ክፉ ነው። ከፋዩ «ከፍያለሁ» ብሎ እንደ ደንበኛ ያዝሻል፤ አንቺ «ረድቼዋለሁ» ብለሽ እንደ ወዳጅ ታዘገያለሽ። ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ ሁለታችሁም ትጣላላችሁ። በነጻ የምትሠሪውን በዓመቱ መጀመሪያ ወስኚ፤ የእናትሽ ማኅበር ይሁን፣ የሰፈሩ እድር ይሁን። ሌላው ሲመጣ «የዘንድሮው ሞልቷል» ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። እነሱም ቢሆኑ ማወቅ አለባቸው፤ ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው።

«ትንሽ ነገር ነው» ከሚል ሰው ተጠንቀቂ። ሎጎ ብሎ ይጀምራል፣ ቢዝነስ ካርዱን ያስከትላል፣ «በዚያው እግረ መንገድሽን» ብሎ ባነሩን ይጨምራል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት በአንድ ገጽ ጻፊው፦ ምን እንደሚሠራ፣ እርማቱ ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ስንት እንደሚያስከፍል፣ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማን እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። ባል ወዶት ሚስት የጣለችውን፣ ፀሐፊዋ አጽድቃ ሥራ አስኪያጁ የሻረውን ሥራ ስንቴ ደገምሽው? አንድ ሰው ይወከል። ግማሹን በቀብድ ተቀበዪ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። «ይህችን በርካሽ ሥሪልኝና ትልቁ ፕሮጀክት ይመጣልሻል» ለሚልሽ ትልቁ ፕሮጀክት ሲመጣ ቅናሽ እንደምታደርጊ ንገሪው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ።

ስለ ጤናሽ ላንሳ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ ይህን በሥራ ብዛት መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ነው ብሎ ዘርዝሮታል። ምልክቱ ሦስት ነው፤ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራውን መጥላትና ማናናቅ፣ የምትሠሪው ሁሉ ዋጋ ቢስ መምሰል። ይኸው ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋር በ2021 ባወጣው ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመመታት አደጋው በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞት አደጋው በ17 በመቶ ይበልጣል። አንቺ የመጀመሪያውን ምልክት ቡና ታጠጪዋለሽ። እኔን ያሳሰበኝ ሁለተኛው ነው። ድሮ ስለ አንድ ፊደል ቅርጽ፣ ስለ አንድ ቀለም ስታወሪ ራት ይቀዘቅዝብን ነበር። አሁን ለእያንዳንዱ ደንበኛ የስድብ ቅጽል ስም አውጥተሽለታል። ሰው የሚያበላውን ሥራ እንዲህ ሲሳደብ ድካሙ ከእንቅልፍ ማጣት አልፏል። ሳምንት አርፈሽ ካልተመለሰልሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ሁሉንም እሺ የሚያሰኝሽ ግን፣ ካልሸሸግሽኝ፣ ፍርሃት ነው። የሚቀጥለው ወር ባዶ ቢሆንስ? ትክክለኛ ፍርሃት ነው፤ መርካቶም ከጥቅምት በኋላ ጭር ይልብኝ ነበር። ስለዚህ ሥራ ስትመርጪ የሚያግዝሽ ገንዘብ ይኑርሽ፤ የሦስት ወር ወጪሽን ለብቻው አስቀምጪ። እቁብ መግባትሽን ሰምቻለሁ፤ ጥሩ ነው። ግን እቁቡን የጣልሽው በደራው ወርሽ ልክ ነው። እቁብ የሚለካው በቀጭኑ ወር ነው። አለዚያ ዳኛው ዕጣ ሲያወጣ አንቺ የእቁብ መክፈያ ፍለጋ የማትፈልጊውን ሥራ ትቀበያለሽ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

አንድ ደብተር አውጪና ለእያንዳንዱ ደንበኛ ሁለት ነገር ጻፊ፤ በወሩ የከፈለሽን ብርና የወሰደብሽን ሰዓት። ሰዓት ስልሽ ስልኩንም፣ የድምፅ መልእክቱንም ጨምሪ፤ የአንዳንዱ የድምፅ መልእክት ብቻውን ስብከት ያህላል። ብሩን ለሰዓቱ አካፍዪው። ከልምዴ ልንገርሽ፤ ብዙ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። እሱን በክብር አሰናብቺው፤ የአንድ ወር ጊዜ ስጪው፣ ፋይሎቹን አስረክቢው፣ ሥራ የሚፈልግ ሌላ ዲዛይነር ጠቁሚው። የተለቀቀውን ሰዓት ወዲያው በሌላ ደንበኛ አትሙዪው። አትርፍ ባይ አጉዳይ፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

መልእክቶቹን ከዚህ ሳምንት ጀምሪ። መጀመሪያ ለሪያዱ ጻፊ፤ እሑድ እንደማትሠሪ፣ እሑድ የላከውን ሰኞ ጠዋት እንደምታዪ። ከሱ ጋር ዝምድናም አበልጅነትም የለሽም፣ ስለዚህ ይቀላል። ቀጥሎ የዋሽንግተኑ፣ ቀጥሎ የቦሌው ሱቅ። የሲልቨር ስፕሪንጉን ሰው ለመጨረሻ አቆዪው፤ እሱን በጽሑፍ አይደለም፣ ደውለሽ ነው የምታነጋግሪው። ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃልና ቡናሽን ቀድተሽ፣ ዋጋውን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ፊትሽ አስቀምጠሽ ደውዪ። «ለኔማ አትጨክኚም» ሲልሽ ወረቀቱን ዝም ብለሽ አንብቢለት።